ኩሬና ወቅት፦ የፒያሳ ውሃ ከገፈርሳ እስከ አባ ሳሙኤል

የኩሬ ውሃ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ሆኖ አይቆይም። በነሐሴ ሻይ በወተት መስሎ የደፈረሰው ውሃ በጥቅምት ወደ አረንጓዴነት ያደላል፤ በታኅሣሥ ብርድ የታችኛው ወደ ላይ፣ የላይኛው ወደ ታች ይገላበጣል፤ በየካቲትና በመጋቢት ይጎድልና የቀረው ይከብዳል፤ የበልግ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ምድር በበጋ ስታጠራቅም የከረመችውን ቆሻሻ በአንድ ጊዜ ይቀበላል። ይህ ለውጥ በየዓመቱ የሚደጋገም፣ ምክንያቱም የሚታወቅ፣ አስቀድሞ ሊዘጋጁለት የሚቻል ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ለሚኖር ሰው ኩሬ የሩቅ ነገር ሊመስል ይችላል። እነዚህ የአራዳ ሰፈሮች ግን በሁለት ዓይነት ኩሬዎች መካከል ይኖራሉ። ወደ ከተማዋ ቧንቧዎች የሚገባው ውሃ በከፊል ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ይመጣል። ከቤቶቹ ጣሪያ፣ ከአስፋልቱና ከሰባ ደረጃ ቁልቁለት የሚወርደው ደግሞ በራስ መኮንን ድልድይ ሥር እንደሚያልፈው ባሉ ወንዞች ተሰብስቦ በአቃቂ ወንዝ በኩል አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። ግድብ የያዘው ውሃ በባሕርዩ ትልቅ ኩሬ ነው፤ የወቅቱ ሕግ በእርሱም ላይ ይሠራል።

ከምንጭ ወደ ግድብ

አዲስ አበባ ስትቆረቆር የአራዳ ገበያና በዙሪያው የሰፈረው ሕዝብ ውሃ የሚቀዳው ከምንጭና ከወንዝ ነበር። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከእንጦጦ ምንጮች ወደ ቤተ መንግሥቱ በቧንቧ ውሃ ወረደ። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ምንጭ ብቻውን አልበቃም። በ1930ዎቹ ዓ.ም. በስተምዕራብ በአምቦ መንገድ በኩል የገፈርሳ ግድብ ተሠራ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስተምሥራቅ ለገዳዲ ተከተለ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የድሬ ግድብ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ በአቃቂና በሌሎች አካባቢዎች የተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ከፍተኛ ድርሻ ይዘዋል።

የጉድጓድ ውሃ በአለት ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ከወር ወር ብዙም አይለወጥም። የፍል ውሃ ምንጭም ክረምት ከበጋ ሙቀቱን ይዞ የሚፈሰው በዚሁ ምክንያት ነው። የግድብ ውሃ ግን ሰማይ ያየ ውሃ ነው። ፀሐይ ታገኘዋለች፤ ነፋስ ይንጠዋል፤ በዙሪያው የታረሰው፣ የተጋጠውና የተጣለው ሁሉ ይደርሰዋል። ስለዚህ ወቅት በተለወጠ ቁጥር አብሮ ይለወጣል።

ጥራት በምን ይለካል?

የውሃን ጥራት በዓይን ብቻ መፍረድ አይቻልም። ባለሙያዎች ቢያንስ ስድስት ነገሮችን ይመለከታሉ፦ የውሃውን ሙቀት፣ በውስጡ የሟሟውን ኦክሲጅን፣ የድፍርስነቱን መጠን፣ አሲዳማ ወይም አልካላይን መሆኑን፣ ለአልጌ ምግብ የሚሆኑትን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እንዲሁም ከሰገራ የሚመጡ ባክቴሪያዎችን። ስድስቱም በወቅት ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ሲቀየርም ሌላውን ይጎትታል።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ኩሬዎች ላይ ከፍታው ራሱን የቻለ ጫና ያሳድራል። በባሕር ወለል ላይ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሆነ ንጹሕ ውሃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክሲጅን ይይዛል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በሩብ ገደማ ስለሚቀንስ ያው ውሃ ሊይዝ የሚችለው ከ7 ሚሊ ግራም አይበልጥም። የደጋ ኩሬ ዓመቱን የሚጀምረው አነስተኛ የኦክሲጅን ስንቅ ይዞ ነው። ቆሻሻ ሲገባበት በባክቴሪያዎች ለመብላላት የሚፈጀው ኦክሲጅን ግን በቆላም በደጋም ያው ነው። በመሆኑም ለቆላ ኩሬ የሚቻል የነበረ ጫና ለደጋው ከአቅም በላይ ሊሆን ይችላል።

የጥራቱን መለዋወጥ ለመከታተል ውድ መሣሪያ ሁልጊዜ አያስፈልግም። አንጄሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1865 የጀመረው ዘዴ እስካሁን ይሠራል። ክብ ሰሌዳ በገመድ ታስሮ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀትም ይመዘገባል። ዛሬ የሚሠራበት ሰሌዳ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ነው። በየሳምንቱ የሚጻፍ ይህ አንድ ቁጥር ዓመት ሲሞላ የኩሬውን ታሪክ ይናገራል፦ በክረምት ሰሌዳው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወርዶ ይጠፋል፤ ውሃው በሚጠራበት ወር ጠለቅ ብሎም ይታያል።

ክረምት፦ የደለል ወራት

በአዲስ አበባ ከዓመቱ ዝናብ 70 በመቶ ገደማ የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት አራት ወራት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከሁሉም ይበልጣሉ። ዝናቡ የሚያርፈው ለዘር በተደጋጋሚ በታረሰ፣ እህሉም ገና ባልሸፈነው መሬት ላይ ነው። ጠብታው አፈሩን ይፈነቅላል፤ ጎርፉ ጠርጎ ወደ ወንዝ፣ ወንዙም ወደ ኩሬው ያስገባዋል። ለገዳዲ ዙሪያው የእርሻና የግጦሽ መሬት በመሆኑ ክረምት ሲገባ ውሃው ቡናማ ቀይ መልክ ይይዛል።

በሐምሌ ከእንዲህ ያለ ኩሬ በጠርሙስ ተቀድቶ መስኮት ላይ የተቀመጠ ውሃ ሁኔታውን በቅርብ ያሳያል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አሸዋው ከሥር ይተኛል። ከሰዓታት በኋላ በአሸዋው ላይ ቀጭን ቡናማ ንጣፍ ይደረባል። በማግሥቱ ግን የላይኛው ውሃ አይጠራም፤ በሦስተኛው ቀንም ጠርሙሱን ለብርሃን ሲያነሡት ከበስተጀርባው ያለው ነገር በቅጡ አይታይም።

ምክንያቱ የቅንጣቶቹ መጠን ነው። አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የሆነ የአሸዋ ቅንጣት በረጋ ውሃ ውስጥ አንድ ሜትር ለመውረድ 2 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ከእርሱ መቶ ጊዜ የሚያንስ የሸክላ አፈር ቅንጣት ግን በቀን የሚወርደው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው። ከዚህም የደቀቁት ቅንጣቶች ላያቸው ላይ ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ተጣብቀው ስለማይከብዱም ለሳምንታት ተንሳፍፈው ይቆያሉ። ከሰማይ ዝናብ፣ ከምድር ጎርፍ እየመጣ በሚያማስለው ኩሬ ውስጥ ደግሞ ዕረፍት አያገኙም።

ደለሉ ብቻውን አይመጣም። ፎስፈረስ ከሸክላ አፈር ጋር ተጣብቆ ይገባል። ከማዳበሪያና ከእበት ናይትሮጅን ይታጠባል። ከሜዳው፣ ከከብት ማደሪያውና ካልተከደነ መጸዳጃ ሰገራ ይጠረጋል። ባክቴሪያዎቹም ከደቃቅ ቅንጣቶች ጋር ተጣብቀው ስለሚጓዙ ከፀሐይ ጨረርም ከክሎሪንም ይከለላሉ። የክረምት ድፍርስ ውሃ ለዓይን ከማስጠላቱ በላይ አሳሳቢ የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

ይሁን እንጂ በክረምት አልጌ ብዙም አይበዛም። ሰማዩ በደመና ይሸፈናል፤ የደፈረሰው ውሃ ያለችውን ብርሃን ከላይ ይውጣታል። ለአልጌ የሚሆነው ምግብ ኩሬው ውስጥ ተትረፍርፎ ሳለ የሚያበስለው ብርሃን የለም። ያ ምግብ ግን አይጠፋም፤ ፀሐይ እስክትወጣ ይጠብቃል።

ጥቢ፦ የአረንጓዴው ጊዜ

ከመስከረም 26 ጀምሮ በአቆጣጠሩ ክረምት ይወጣል፤ መፀው ወይም በተለምዶ ጥቢ ይገባል። ዝናቡ ይቆማል፤ የሚገባው ጎርፍ ይቀንሳል፤ ደለሉ ቀስ በቀስ ይተኛል። ሰማዩ ሲገለጥ ብርሃን ወደ ውሃው ጠልቆ ይገባል። ክረምቱን የተጠራቀመው ፎስፈረስና ናይትሮጅን ብርሃን ሲያገኝ አልጌ በቀናት ውስጥ ይራባል።

ልከኛ አልጌ ለኩሬ ጤና ነው፤ ዓሣውና ደቃቅ እንስሳቱ የሚኖሩት በእርሱ ነው። ችግር የሚመጣው ምግቡ ከልክ ሲያልፍና ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚባሉት ሳያኖባክቴሪያዎች ሲሠለጥኑ ነው። ከነዚህ ውስጥ ማይክሮሲስቲስ የተባለው አየር የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች ስላሉት ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ በማለዳ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ እንደ ቀለም የተደፋ አረንጓዴ ንጣፍ ይሠራል። ጉበትን የሚጎዳ ማይክሮሲስቲን የተባለ መርዝም ሊያመነጭ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዘወትር መጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። በቆቃ ሐይቅም በለገዳዲም የተደረጉ ጥናቶች እነዚህን ባክቴሪያዎችና መርዛቸውን አሳይተዋል።

አልጌ ውሃ ላይ የአፈር ወይም የሻጋታ ሽታም ያመጣል። ሽታውን የሚሰጠው ጂኦስሚን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። መርዝ አይደለም፤ ነገር ግን የሰው አፍንጫ በሊትር በናኖ ግራም የሚቆጠረውን ያህል እንኳ ይለየዋል። ከቧንቧ የወረደ ጥርት ያለ ውሃ አፈር አፈር ሲል ምንጩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

በዚህ ወቅት የኩሬው ጠባይ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ይገለባበጣል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በርትታ ሳለች አልጌው ካርቦን ዳይኦክሳይድን እየወሰደ ኦክሲጅን ይለቃል፤ ውሃው ከሚችለው በላይ ኦክሲጅን ይሞላል፤ አልካላይንነቱም ከፍ ይላል። ሲመሽ ኦክሲጅን የሚሠራ አይኖርም፤ አልጌው፣ ባክቴሪያውና ዓሣው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሱ ያድራሉ። ከሁሉም የሚያንሰው የኦክሲጅን መጠን የሚገኘው ጎህ ሲቀድ ነው። አልጌ በበዛበት ጥልቀት በሌለው ኩሬ ውስጥ ዓሦች ማለዳ ወደ ውሃው ወለል ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ የሚታዩት ስለዚህ ነው። የኩሬን ኦክሲጅን ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚለካ ሰው ሁልጊዜ ደግ ደጉን መዝግቦ ይመለሳል።

ይህ በከተማ መካከል ላሉ ሰው ሠራሽ ኩሬዎችም ይሠራል። በመናፈሻ ውስጥ የሚሠራ ጥልቀት የሌለው ኩሬ ቶሎ ይሞቃል፤ ቶሎም አረንጓዴ ይሆናል። በውስጡ የሚተከለው ፏፏቴ ለዓይን ደስታ ብቻ ሳይሆን ውሃውን ከአየር ጋር ለማገናኘትም ይጠቅማል። ጠቀሜታው የሚጎላውም ሌሊትና ማለዳ ሲሠራ ነው።

የታኅሣሥ ብርድ፦ መገላበጥ

ውሃ ሲሞቅ ይቀላል፤ ሲበርድ ይከብዳል። ቀን ፀሐይ ያሞቀችው የላይኛው ንጣፍ በቀዝቃዛው ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ ሁለቱም አይደባለቁም። የታችኛው ንጣፍ ከአየር ስለሚለያይ ኦክሲጅኑ ያልቃል። በዚያ ጨለማ ውስጥ የወደቀ ቅጠል፣ የሞተ አልጌና ቆሻሻ ሲበሰብስ አሞኒያና የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይፈጠራል፤ በጭቃው ውስጥ ታስረው የነበሩ ብረት፣ ማንጋኒዝና ፎስፈረስም ይሟሟሉ።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች ይህ መደራረብ የሚፈርሰው በመኸርና በጸደይ በሚመጣው ከፍተኛ የሙቀት ለውጥ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ የወራቱ ሙቀት ብዙም አይራራቅም። ሆኖም ሞቃት ውሃ ላይ ትንሽ የሙቀት ልዩነት ብዙ ይሠራል፦ ውሃ ከ20 ወደ 21 ዲግሪ ሲሞቅ የሚቀልበት መጠን ከ4 ወደ 5 ሲሞቅ ከሚቀለው 25 ጊዜ ያህል ይበልጣል። አንድና ሁለት ዲግሪ ልዩነት ኩሬውን ለወራት ሊደራርበው፣ የጥቂት ሌሊት ብርድም መልሶ ሊያፈርሰው ይችላል።

ያ ብርድ የሚመጣው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ሰማዩ ደመና ስለሌለው ምድር ሌሊት ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቃለች፤ አየሩም ደረቅ ነው። የላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ይከብድና ይሰምጣል፤ ነፋስ ሲያግዘው ኩሬው ከላይ እስከ ታች ይደባለቃል። የቢሾፍቱ ሐይቆች የዚህ ጉዳይ ታዋቂ ማሳያ ናቸው። ባክስተር፣ ፕሮሰር፣ ታሊንግና ዉድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጥናት በመካከለኛ ከፍታ ላይ ያሉ የአፍሪካ ሐይቆች እንዴት እንደሚደራረቡ ከነዚሁ ሐይቆች ተነሥተው አብራርተዋል። የኢትዮጵያን ሐይቆች ጠባይ ለማወቅ ዛሬም የሚጠቀስ ሥራ ነው።

መገላበጡ ሁለት ፊት አለው። ታች ታፍኖ የከረመው ውሃ አየር ማግኘቱ መልካም ነው። ድንገት ሲሆን ግን ኦክሲጅን አልባው ውሃ ወደ ላይ ወጥቶ ዓሣ በአንድ ሌሊት ሊጨርስ ይችላል። ለከተማ ውሃም ብረትና ማንጋኒዝ ይዞ ይመጣል፤ ማንጋኒዝ በነጭ ልብስና በገንዳ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የሚተወው ነው። የግድብ ውሃ መቅጃ ማማዎች በተለያየ ጥልቀት በሮች የሚኖሯቸው ለዚህ ነው። ኦፕሬተሮቹ የተሻለው ውሃ ካለበት ጥልቀት ይቀዳሉ፤ ወቅት ሲለወጥም በሩን ይቀይራሉ።

በጋና በልግ፦ መጉደልና የመጀመሪያው ጎርፍ

በጋ ለኩሬ የመትነን ወቅት ነው። በቀን የሚተነው ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሆንም በአራት ወር ሲደመር ግማሽ ሜትር ሊጠጋ ይችላል። ከተማውም በየቀኑ ይቀዳል። ውሃ ሲተን ንጹሑ ብቻ ይሄዳል፤ ጨውና ሌላው የሟሟ ነገር ሁሉ ይቀራል። ስለዚህ የበጋ መጨረሻ ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም የተጠራቀመበት ማዕድን የበዛ ነው። ኩሬው ሲጎድል ዳርቻው ጭቃ ይሆናል፤ ከብት ገብቶ ይረግጠዋል፤ ነፋስም የታችኛውን ደለል በቀላሉ ያነሣዋል።

የበልግ ዝናብ በአዲስ አበባ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ አልፎ አልፎ ይጥላል፤ ዋናው ክረምት ደግሞ በሰኔ ይከተላል። በመጠን ትንሽ ቢሆንም ከረጅም ድርቅ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ጎርፍ ከሁሉም የቆሸሸ ነው። በአንድ ሄክታር ጣሪያና አስፋልት ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 100 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። ይህ ውሃ የወራት አቧራ፣ የመኪና ዘይት፣ ፌስታልና ሰገራ ጠርጎ ወደ ቦዩ ያወርዳል። በአዲስ አበባ በ2008 ዓ.ም. የክረምቱ መግቢያ አካባቢ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ወይም አተት መከሰቱ የመጀመሪያ ጎርፎችን አደጋ ያስታውሳል።

አባ ሳሙኤል፦ የተገለበጠው አቆጣጠር

ከፒያሳ የሚወርደው ውሃ መድረሻ የሆነው አባ ሳሙኤል ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ ይገኛል። ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተተከለበት ግድብ ነው፤ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 ታድሶ ዳግም ተመርቋል። ትልቁም ትንሹም የአቃቂ ወንዝ የሚገቡት ወደዚህ ስለሆነ የከተማዋ ፍሳሽ ትልቅ ክፍል ማረፊያው እዚያ ነው። ከያዘው ውሃ ሥር ብዙ ደለል ተኝቷል፤ ገጹን ደግሞ እንቦጭ ሲሸፍነው ቆይቷል።

እዚህ የወቅቱ ሥርዓት ከገፈርሳና ከለገዳዲ ይለያል። እርሻና ግጦሽ በከበበው ኩሬ ከባዱ ወቅት ክረምት ነው፤ ደለሉ የሚመጣው ያኔ ነውና። ፍሳሽ በሚገባበት ኩሬ ግን ከባዱ ወቅት በጋ ነው። ዝናብ በሌለበት ወር በወንዞቹ ውስጥ ከሚሄደው ውሃ ትልቁ ክፍል የመጸዳጃ፣ የመኪና ማጠቢያና የፋብሪካ ፍሳሽ ነው፤ የሚያቀጥነው ንጹሕ ውሃ የለም። ኦክሲጅኑ ያልቃል፤ ውሃው ይጠቁራል፤ ይሸታል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ፍሳሹን ያቀጥነዋል፤ ሽታውም ይቀንሳል። በምትኩ ደለልና ደረቅ ቆሻሻ ይጎርፋል። የውሃው ሽታ ጠፋ ማለት ግን ብክለቱ ቆመ ማለት አይደለም፤ ወደ ታች፣ ወደ አዋሽና ወደ ቆቃ ተጓዘ ማለት ነው።

ውሃው ወደ ከተማውም ይመለሳል። በአቃቂ ወንዝ ዳር በበጋ በመስኖ ሰላጣ፣ ጎመንና ቆስጣ ይመረታል። እንዲህ ያለው አትክልት ለረጅም ዓመታት ፒያሳ ከነበረው አትክልት ተራ ጀምሮ በከተማዋ ገበያዎች ሲሸጥ ኖሯል። በወንዙ ዳር በሚበቅለው አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከባድ ብረቶችና ከሰገራ የሚመጡ ጀርሞች አግኝተዋል። ጥሬ የሚበላ ሰላጣ በበጋ ይበልጥ መጠንቀቅን የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ማጠብ ጀርሙን ይቀንሳል፤ ማብሰል ይገድለዋል፤ ተክሉ በሥሩ የሳበውን ብረት ግን አንዱም አያስወጣውም።

ማጣሪያ ጣቢያ በየወቅቱ

የገፈርሳና የለገዳዲ ማጣሪያ ጣቢያዎች መሠረታዊ አሠራር ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ አሉሚኒየም ሰልፌት ይጨመራል፤ ይህም የሸክላ ቅንጣቶቹን የሚያገፋፋውን ሙል ስለሚሰብረው ቅንጣቶቹ እየተጣበቁ ይከብዱና ይዘቅጣሉ። ከዚያ ውሃው በአሸዋ ያልፋል፤ በመጨረሻ ክሎሪን ይገባበታል። ማጣሪያው ያው ቢሆንም ሥራው እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። በክረምት ኬሚካሉ ይበዛል፤ አሸዋው ቶሎ ቶሎ ይታጠባል። በጥቢ አልጌው አሸዋውን ይደፍናል፤ ሽታም ያመጣል። በታኅሣሥ ብረትና ማንጋኒዝ ይመጣሉ።

ከክሎሪን በፊት ውሃው መጥራቱ ግዴታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ድፍርስነቱ ከ5 የድፍርስነት መለኪያ (NTU) እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ1 በታች እንዲሆን ይመክራል። በቧንቧው ጫፍም ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ሊቀር ይገባል። ይህ ቀሪ ክሎሪን በመንገድ ላይ ለሚገጥመው ብክለት መከላከያ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መከላከያው ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ቧንቧው ባዶ ሲሆን በተሰነጠቀ መገጣጠሚያ የውጭ ፍሳሽ ሊስብ ይችላልና።

በቤት ውስጥ

ሮቶ፣ በርሜልና ጀሪካንም በመጠናቸው ትናንሽ ኩሬዎች ናቸው፤ ደለል ይዘቅጥባቸዋል፤ ብርሃን ካገኙም አልጌ ያበቅላሉ። ስለዚህ ሮቶ ብርሃን የማያሳልፍና ክዳኑ የሚገጥም ይሁን፤ ክረምት ሲያልፍ ቢያንስ አንድ ጊዜ ባዶ ሆኖ ይታጠብ። ውሃ ከተቋረጠ በኋላ መጀመሪያ የሚመጣው ደፍርሶ ከሆነ ለመጠጥ አይቀዳ፤ እስኪጠራ ለሌላ ሥራ ይዋል።

የደፈረሰን ውሃ ለማከም ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፦ መጀመሪያ ማስቀመጥና በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል፤ ቀጥሎ ማፍላት ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን በመመሪያው መሠረት መጨመር። በደቡብ ኢትዮጵያ የሚታወቀው የሽፈራው ዛፍ ፍሬ ተፈጭቶ ሲጨመርም ደለሉን ያጣብቃል፤ ጀርሙን ግን አጥርቶ ስለማያጠፋ ማፍላትን አይተካም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ጀርም ለመግደል ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ግን ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት እንዳለበት ይመከራል። ክሎሪንም ማፍላትም የአልጌን መርዝ ለማጥፋት አያስተማምኑም፤ አረንጓዴ ንጣፍ ከያዘ ኩሬ ውሃ አለመቅዳት፣ ከብትም አለማጠጣት ይሻላል።

ከኩሬው በላይ ያለው መሬት

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የኩሬ ጥራት የሚወሰነው ከኩሬው ይልቅ ውሃው አቋርጦ በሚመጣው መሬት ላይ ነው። በለገዳዲ ዙሪያ የሚሠራ እርከን፣ በዳርቻው የሚቀር የሣርና የዛፍ መቀነት፣ ከብት በቀጥታ የማይገባበት አጥር የክረምቱን ደለል ከግድቡ በፊት ያስቀራሉ። ፎስፈረሱ አብሮ ስለሚቀር የጥቅምቱ አልጌ ይቀንሳል፤ አልጌው ሲቀንስ ወደ ታች ወርዶ የሚበሰብሰው ስለሚያንስ የታኅሣሡ መገላበጥም ይቀልላል። ስለዚህ በሐምሌ የተገታ አንድ ጎርፍ እስከ ጥር ድረስ ይጠቅማል።

በፒያሳና በአራዳ በኩል ያለው ሥራም ግልጽ ነው። የመጸዳጃ መስመር ከዝናብ ውሃ ቦይ ጋር እንዳይገናኝ፣ ወደ ወንዝ የተከፈተ ቱቦ እንዲዘጋ፣ የጎርፍ መውረጃው ከሰኔ ሳይሆን ከመጋቢት በፊት እንዲጠረግ፣ የሴፕቲክ ታንክ በጎርፍ ሳይሆን በተሽከርካሪ እንዲመጠጥ ማድረግ ያስፈልጋል። በክረምት ሌሊት ወደ ወንዝ የሚለቀቅ ፍሳሽ ጎርፉ ስለሸፈነው አይጠፋም፤ አባ ሳሙኤል ደርሶ ይቆያል፤ ከዚያ ውሃ የሚጠጡና የሚያጠጡ ሰዎች ደግሞ አሉ። የገፈርሳና የለገዳዲ ገበሬ መሬቱን በእርከን እንዲጠብቅ የሚጠይቅ ከተማ፣ ከራሱ በታች ላሉት የሚለቀውን ውሃ የመጠበቅ ግዴታ አለበት።